የደረባ ሰም

ንግሥት ሐረገወይን በዘምበራ ዙፋን በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት፣ የዘውድ በዓላቸው ሲከበር፣ በአደባባዩ መካከል ያለው የድንጋይ ገንዳ ሞልቶ ፈሰሰ። መፍሰሱስ ባልከፋ፤ ውሃው ግን እንደ ወጉ ወደ በሩ መውረዱን ትቶ ደረጃውን አንድ ባንድ እየረገጠ ወደ ዙፋኑ ወጣ። መኳንንቱ የካባቸውን ጫፍ ሰብስበው ወንበር ላይ ቆሙ። አጋፋሪው በዘንጉ ሊያግደው ቢሞክር ውሃው በጫማው ላይ አልፎ ሄደ። ቀና ብለው ቢያዩ ደግሞ ትናንት ከከተማው ማዶ የነበረው የጉራምባ ተራራ ከቦታው ተነሥቶ የገበያውን ግማሽ ጥላ አልብሶታል።

ያን ጊዜ ከገንዳው አጠገብ የቆመው ባለ አራት ገጽ ሐውልት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም የሻከረ ድምፅ ወጣ።

«በሐሰት የተጠራች ምድር አለች። ሰሟ ሲቀልጥ ወርቋ ይወጣል፤ ያን ጊዜ እኅቶቿ ሁሉ ይተኛሉ።»

የቤተ መንግሥቱ የቅኔ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት እንዲህ ያለውን ቀን ነበር። ሦስት ቀን ተከራከሩ። አንዱ «ሰሙ ሥጋ ነው፣ ወርቁ ነፍስ» አለ። ሌላው «የለም፣ ሰሙ ዝምታ ነው፣ ወርቁ ፍርድ» አለ። አንድ ወጣት ተማሪ «ወርቁ ያው ወርቅ ቢሆንስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሳቁበት፤ የግምጃ ቤቱ ሹም ብቻ አልሳቀም። ስለ ሰሙ ሰምነት ያሰበ ግን አንድም አልነበረም። ቅኔ የለመደ ጆሮ እንዲህ ነው፤ ግልጹን ነገር ሰምቶ ያልፈዋል።

ዘምበራን ለማያውቅ ሰው የአገሩን ሥርዓት መንገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ከእያንዳንዱ ምድር ሥር አንዲት ገምድል ተኝታለች። ገምድል ቅርፊቷ ድንጋይ የሆነ ታላቅ አውሬ ናት፤ ጀርባዋን ስታጎብጥ ተራራ፣ ስትዘረጋ ሜዳ ይሆናል። የምትተኛውም በትክክለኛ ስሟ ስትጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥንት አባቶች አገሩን በአራት ከፈሉት። የከፈሉት ግን በቁመቱና በስፋቱ አልነበረም፤ ዓይን ይዋሻል፣ አምባ አናት ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ ነኝ ይላልና። የከፈሉት በውሃ ነው። አንድ ቅል ውሃ ያፈሱና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ውሃው ካደረ ምድሪቱ አዳሪት ናት፤ ትታረሳለች። ከሮጠ ሯጪት ናት፤ እርከን ይሠራላታል። ከወደቀ ወዳቂት ናት፤ ለንብና ለዝንጀሮ ትተዋለች። ከጠፋ ግን ጠፊት ናት፤ ሆዷ ባዶ ነውና ቤት አይሠራባትም፣ የሠራም በሕግ ይነሣል። ይህን የሚለየው ሰው ምድር ዳኛ ይባላል። ዳኛው ውሃውን አይቶ ስሟን ይጠራና በመጨረሻ አንድ ጊዜ «እርጊ» ይላታል። ምድሪቱም ትረጋለች።

በዚያ ዘመን የዘምበራ ምድር ዳኛ የሃያ ዓመቷ እርጋቴ አድማሱ ነበረች። ስሟና ጠባይዋ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ስትቀመጥ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ስትቆም ክብደቷን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ትጥላለች። ከእሷ በፊት ዳኛ የነበሩት አባቷ አድማሱ ከልጅነቷ ጀምሮ ምግብ ሲበላም፣ ፀጉሯ ሲሠራም፣ «እርጊ፣ አንቺ ልጅ» ሲሏት ነው የኖሩት። ምድር ሁሉ የሰማቸው ሰው ልጃቸው አልሰማቻቸውም ብሎ አገሩ ይስቅባቸው ነበር።

ንግሥቲቱ እርጋቴን አስጠርተው በሕዝቡ ፊት የዳኝነቱን ቅል በእጇ አኖሩ።

«አገራችን ከእግራችን ሥር እየሸሸች ነው። የተነሣች ምድር የያዘችውን ሰው አታውቅም፤ ሦስት መንደር ከነሕዝቡ አጥተናል። የሐሰቲቱን ምድር ፈልጊ፤ እውነተኛ ስሟንም ስጫት። ወርቅ ቢገኝ ወርቁ የአክሊላችን ነው፤ ለአንቺ ግን የፈለግሽውን እንሰጥሻለን።»

እርጋቴ ከገንዳው ሥር አፈር ቆንጥራ ግንባሯን ነካች። «ውሃው ያሳየኝን እጠራለሁ። ባዳላ፣ ለዘመዴም ብዬ ስም ብለውጥ፣ ምድር አትሸከመኝ» ብላ ማለች። ቃሉ የአባቶቿ ቃል ነው፤ አባቷም በዘመናቸው ምለውበታል። ዞር ስትል አባቷ በሕዝቡ መካከል ቆመው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ጠበቋት። አንደኛው የግምጃ ቤቱ ሹም ወርቁን እንዲጠብቅ የላከው የጦር አለቃ ዳምጠው ነበር፤ ጦሩ ከእሱ ይረዝማል፣ ወሬው ደግሞ ከጦሩ።

«ስሜ ዳምጠው ነው፣ እሜቴ ዳኛ» አላት እጅ ነሥቶ። «ተራራ በተነሣ ጊዜ ሁሉ የሚጠሩት እኔን ነው።»

ሁለተኛው አባቷ ነበሩ። ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ አሮጌ ከረጢት አንግተዋል።

«አባዬ፣ እርስዎ የት ሊሄዱ ነው?»

«ካንቺ ጋር።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበቴ የሚጠብቀው ይህን የመጨረሻ መንገድ ሄዶ ማረፍን ነው» አሉና ቀድመው ወጡ።

በቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ነበር። ቅሉን ቀጥ አድርጋ ብትይዘውም ውሃው ወደ ደቡብ ይጋደማል። በሐሰት የተሰየመች ምድር ዳኛን ወደ ራሷ የምትጠራው በዚህ መንገድ ነው። እነሱም ውሃው ወደ ተጋደመበት ሄዱ።

ያዩት ነገር ለመስማትም የሚከብድ ነው። የገነቴ አዳሪት ጎብጣ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በገመድ እያሰሩ ከገዛ እርሻቸው ላይ ያወርዳሉ። በሯጪቶቹ ላይ አያት ቅድመ አያት የካበው እርከን እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሏል። መንደሩ ትናንት ከወንዙ ወዲህ፣ ዛሬ ከወንዙ ወዲያ ነው። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ «ጎረቤቴ የት ደረሰች?» እያለች አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። እርጋቴን እንቅልፍ አልወስዳት አለ። መሬቱ ከሥሯ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትነሣለች፤ ቅሉን ታያለች፤ ውሃው ያው ወደ ደቡብ ነው። በደቡብ ደግሞ የተወለደችበት መንደር፣ ደረባ፣ አለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ የሸንቆ ወዳቂትን ጠርዝ ሲሻገሩ ገደሉ ትከሻውን ነቀነቀ። መንገዱ ከፊታቸው ተቆረጠ፤ ከሥርም ቤት የሚያህል ጭንቅላት ብቅ አለ፣ በቅርፊቱ መካከል ሣርና የንብ ቀፎ ተንጠልጥሎበት። ዳምጠው ሽማግሌውን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው ጦሩን ስንጥቅ ውስጥ ሰካና ተንጠለጠለ።

እርጋቴ ቅሉን ዘንበል አደረገችና «ወዳቂት ነሽ፣ እርጊ!» ብላ ጮኸች። ገምድሏ ይባስ ተነሣች።

«ውሃው ሳይናገር አፍሽ ቀደመ!» አሉ አባቷ ከዳምጠው ብብት ሥር። «ጠብቂ!»

መጠበቅ ለእርጋቴ ከሞት አይተናነስም። ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ ጥቂት ውሃ አፈሰሰችና ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ውሃው እያመነታ ወደ ጠርዙ ሄደ፤ ቆመ፤ ከዚያም ወደቀ። «ወዳቂት ነሽ» አለች ቀስ ብላ። «እርጊ።» ያ ታላቅ ጭንቅላት ዓይኑን ጨፈነና ወረደ።

ተሻግረው ሲያርፉ ገደሉ ከኋላቸው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች እርጋቴ።

«አሁን አላጠፋሽም» አሉ ዳኛ አድማሱ። «ይህቺን የሰየማት አያቴ ነው። ምድር መጀመሪያ የጠራትን ድምፅ አትረሳም፤ ያንቺን የምትሰማው ለጊዜው ነው። የተሳሳተችዋ ምድር ግን ፈጽማ የምትሰማው የሰየማትን ሰው ብቻ ነው።»

«ሰያሚዋ ሞቶ ከሆነስ?»

«አልሞተም» አሉ። ከዚያ በኋላ ደክሞኛል ብለው ተኙ። እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም፤ ልጃቸው ትንፋሻቸውን ታውቀዋለች።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ደረባ ደረሱ። ሦስት መቶ ቤት፣ የጎመራ ማሽላ፣ በመንደሩ ዳር ደግሞ የእርጋቴ እናት መቃብር። ቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ በእናቷ መቃብርና በትልቁ እርሻ መካከል መሽከርከር ጀመረና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰዉ «ልጃችን መጣች» እያለ ተሰበሰበ። እሷ ግን ሰላምታውን በቅጡ ሳትመልስ ውሃ አፈሰሰች።

ውሃው አደረ። በቀትር አፈሰሰች፤ አሁንም ረግቶ ቆመ። ከሰዓት በኋላ አፈሰሰች፤ ሰማይን በውስጡ አሳያት።

«አዳሪት ናት!» አለች፤ ከደስታዋ የተነሣ እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ አዳሪት ናት፤ ቅሉ ነው የተሳሳተው!»

የመለሰላት ግን ዳምጠው ነበር። ወርቁን ፍለጋ ጦሩን በእርሻው መካከል እስከ ግማሹ ወግቶ፣ ስቦ አውጥቶ ጫፉን ያሸታል።

«እሜቴ፣ ይኼ ነገር ማር ማር ይላል» አለ። የተጣበቀውን በጥፍሩ ፍቆ አሳያት። «ወርቅስ አይደለም። ሰም ነው።»

ሰም። ሊቃውንቱ ሦስት ቀን የተራቀቁበት ሰም ይኸው፣ ንብ የሠራችው፣ ጥቁርና ደረቅ፣ በጦር ጫፍ ላይ። እርጋቴ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

«ከመሬቱ ሥር ሰም የደፈነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዳኛ አድማሱ። የተሰበሰበው ሕዝብ እየሰማ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ። «እነዚህ ሰዎች ከተቃጠለ አገር ሸሽተው እዚህ ሰፍረው ነበር። ክረምት ነው። ቀድሞ ያገባኋት እናትሽ ከነሱ ወገን ነበረች፤ አንቺ በሆዷ ነበርሽ። ውሃ ባፈስስ ጠፋ። እንደገና ባፈስስ ጠፋ። ጠፊት ብዬ ብጠራት ሕጉ በዚያ ዝናብ ያስነሣቸዋል። ስድሳ ቀፎ ሰም አቅልጬ ሆዷን ደፈንኩና አዳሪት አልኳት። አንቺ በሳምንቱ ተወለድሽ። መሬቷ ረግታ ሳይ ጊዜ እርጋቴ አልኩሽ። አሁን ሰሙ በዓመት ብዛት ደርቆ ምድሪቱ ስትነቃ እኅቶቿንም ቀሰቀሰቻቸው።»

«ምለው ነበር» አለች። «እኔ የማልኩትን መሐላ ምለው ነበር!»

«ምዬ ነበር።»

«ሦስት መንደር ጠፍቷል! ስምንት ቀን አብረውኝ ሲመጡ አንድ ቃል አይነግሩኝም?»

«ብነግርሽ ውሃውን ሳታዪ ትፈርጂ ነበር» አሉ። «ደግሞም... ስምንት ቀን ካንቺ ጋር መሄድ ፈለግሁ።»

አያ ሞላልኝ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው አፈሩን በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉ።

«እንግዲህ ሃያ ዓመት ያረስነው ሰም ላይ ነው?»

«አዎ፣ አያ ሞላልኝ።»

«ማሽላው ግን እውነተኛ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ቆም ብለው ደግሞ፣ «ልጆቹም እውነተኛ ናቸው። በሉ፣ ቤቱንም እንጨቱንም ተዉት፣ ሕፃን ያዙ!»

እርሻው ያን ጊዜ ከሥር አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ክርክር ቀረ። ሦስት መቶ ቤተሰብ ከብቱን እየነዳ፣ ዱቄቱን ተሸክሞ፣ እያለቀሰም እየተሳደበም ወደ ማዶው ሯጪት ወጣ። ዳምጠው ወርቁን ረስቶ አሮጊቶችን በጀርባው ሲያመላልስ ዋለ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በደረባ የቀረ የእርጋቴ እናት መቃብርና ባዶ ቤት ብቻ ነበር።

ከዚያ ጎተራ የሚያህል እሳት በእርሻው መካከል አነደዱ። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ሰሙ ቀለጠ፤ እየጨሰ፣ እየሸተተ፣ ጉሮሮ ሲውጥ የሚሰማ ድምፅ እያሰማ ወደ ጥልቁ ወረደ። እርጋቴ ወደ ጠርዙ ቀርባ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ጠፋ። አፏ እንዳይቀድማት እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠበቀች፤ ሳትሳሳት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጠፊት ነሽ። እርጊ» አለች።

ምድሪቱ አልሰማቻትም። ከጉድጓዱ አንድ ዓይን ተከፈተ፤ እንደ ሐይቅ የሰፋ ዓይን። በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ሁሉ ከወገባቸው ተነሡ። ማዶ ያሉት ሰዎች የቆሙበት ሯጪትም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለተኛም ጠራች፣ ሦስተኛም ጠራች። ድምፅዋ ተዘጋ።

አባቷ ከአጠገቧ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቅሉን ስጪኝ።»

«እዚያ የገባ አይመለስም፣ አባዬ!»

«አውቃለሁ። ግን ዳኛዪቱ አንቺ ነሽ፤ እኔ ጥፋተኛ ነኝ። ከሥልጣንሽ አምልጬ አልሄድም። ፍረጂና ልሂድ።»

እርጋቴ ማዶውን አየች። አያ ሞላልኝ ሕፃን ታቅፈው ዛፍ ይዘዋል። አባቷን አየች። መሐላው ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቁታል፤ ለዘመዴ ብዬ ስም ብለውጥ ምድር አትሸከመኝ ነው የሚለው። የአባቷን እጅ ይዛ ሳመችው፤ ቅሉንም በውስጡ አኖረችው።

«ይሂዱ» አለች። ዳምጠው ወገቧን ይዞ ወደ ሯጪቱ አወጣት።

ዳኛ አድማሱ በዚያ በሚያነክስ ጉልበታቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ በሚስታቸው መቃብር በኩል አልፈው መካከሉ ላይ ደረሱ። ያ ታላቅ ዓይን ወደ እሳቸው ዞረ። ውሃውን አፈሰሱ። አገር እየተናወጠ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብለው ውሃው የት እንደሚሄድ አዩ። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትጠፋ ተነሡ።

«ጠፊት ነሽ» አሏት። ድምፃቸው ማዶ ድረስ ተሰማ። «ሃያ ዓመት ዋሸሁሽ፤ አንቺም ሃያ ዓመት ልጆቼን ተሸከምሽልኝ። ይቅር በይኝ። እርጊ።»

ዓይኑ ተጨፈነ። እርሻው ከዳር ጀምሮ ቀስ ብሎ መስመጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጀርባቸውን ለጉድጓዱ ሰጥተው ወደ ሯጪቱ ዞሩ። እርጋቴ በዳምጠው እጅ ውስጥ ትወራጭ ነበር። እያዩዋት አንድ ጊዜ ደገሙት።

«እርጊ።»

ከዚያ በኋላ ደረባ አልነበረችም። ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈሪ ሆነ፤ አንድም ድንጋይ አይንቀሳቀስም፣ አንድም ቅጠል። ሸንቆ ተጋደመ፣ የገነቴ ሜዳ ተዘረጋ፣ ጉራምባም ወደ ቦታው ተመለሰ ተባለ። ገበያተኛው ደግሞ ጥላው ሲነሣለት ፀሐይ መታኝ ብሎ አማረረ፤ ሰው መቼም ማማረር አያጣም።

እርጋቴ ወደ ዙፋኑ ስትቀርብ የግምጃ ቤቱ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የዳምጠውን ከረጢት አየ።

«ወርቁስ?»

«ወርቅ አላየሁም፣ ጌታዬ» አለ ዳምጠው። ባዶ ከረጢቱንም ገልብጦ አሳየው።

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ተነሥተው ወረዱ። «ቃል የገባነውን እንፈጽማለን። ምን ትሻለሽ?»

«ለደረባ ሰዎች አዳሪት ይሰጣቸው። የእርስዎን የአደን ሜዳ ውሃ አፍስሼበት መጥቻለሁ፤ አድሯል።»

መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንግሥቲቱ ግን ማኅተማቸውን አወለቁ። «ተሰጥቷቸዋል» አሉ።

ከዚያ የመዝገቡ ጸሐፊ ብራናውን ዘርግቶ የዳኝነቱን ቃል ከእሷ አፍ ይጽፍ ጀመር። የምድሪቱን ስም ጻፈ፤ ውሃው መጥፋቱን ጻፈ፤ የሰያሚውን ስም ጻፈ። መጨረሻ ላይ ብዕሩን አነሣ።

«ስንት ጊዜ እርጊ አሉ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ነው የሚለው። ሁለቱንም ለምድሪቱ ነው ያሉት?»

የቅኔ ሊቃውንቱ ጆሯቸውን አቀኑ። እርጋቴ በአደባባዩ መካከል ቆማ ነበር። እግሯ አልተወዛወዘም፤ ክብደቷን ካንዱ ወደ ሌላው አልጣለችም። ይህን ያስተዋለው ዳምጠው ብቻ ነው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የመጀመሪያውን ጻፈው፤ እሱ ሰሙ ነው» አለች። «ሁለተኛው ወርቁ ነው። እሱን ለመዝገብ አልሰጥም፤ የኔ ነው።»